አክስቴ ያጠጡኝ አብሽ

የአብሽ ሽታ ዛሬም ያናድደኛል። ሌላው ሰው ሲሸተው ወጥ ያምረዋል፤ እኔ ግን አክስቴ ዘሃራ ትዝ ይሉኛል። አባቴ ባሕር ዳር ገበያው ዳር ሱቅ ነበረው። ከትምህርት ቤት ስመለስ ብስኩቱንም ከረሜላውንም ለስላሳውንም ስለማልምር ወፍሬ ነበር። መወፈሬን ልብ ያልሁት ግን አክስቴ ከወረታ መጥተው እኛ ቤት መኖር ከጀመሩ በኋላ ነው።

አንድ ቀን እንግዳ ፊት «ይህችን ልጅ እንዲህ ሆና ማን ያገባታል?» አሉ። ከዚያ ወዲያ ያቀጥናል ብለው ጠዋት ጠዋት ተነክሮ ያደረ አብሽ በባዶ ሆዴ ያጠጡኝ ጀመር። ምሬቱስ ይቻል ነበር። ክፋቱ፣ ፀሐይ ላይ ሱዚ ስዘል ላቤ ሁሉ አብሽ አብሽ ይሸታል፤ ልጆቹም አፍንጫቸውን ይዘው ይሸሹኛል። ቀስ በቀስ ጨዋታ ተውሁ። በዕረፍት ሰዓት አጥሩ ሥር ብቻዬን ተቀምጬ ጣናን አያለሁ። ያለ ምክንያት አለቅሳለሁ። ሲከፋኝ ደግሞ ተደብቄ ብስኩት እበላለሁ። ስወፍር አክስቴ አብሹን ያበዙታል።

ኋላ ፋርማሲ ስማር፣ አብሽ የደም ስኳርን ጥቂት ሊቀንስ እንደሚችል አነበብሁ። ንዴቴ ግን አልበረደም። ያን ጊዜ «ምን ሆነሽ ነው የከፋሽ?» ያለኝ አንድም ሰው አልነበረም። ይህን ለአክስቴ የምነግርበትን ቀን እየጠበቅሁ አደግሁ።

ቀኑ ዘንድሮ መጣ። አክስቴ በጣም ወፍረው፣ እያለከለኩ መድኃኒት ቤቴ ገቡ። ሐኪም የምግብ ፍላጎት የሚቀንስ መርፌ አዞላቸዋል። አወሳሰዱን ሳስረዳቸው እንባቸው መጣ።

«ሰው ሲያየኝ እሳቀቃለሁ ልጄ። ከቤት መውጣት ጠላሁ። ውፍረት እንዲህ ሰው ያስከፋል እንዴ?»

«ያስከፋል» አልኋቸው። «እኔ በልጅነቴ አውቄዋለሁ። ያሳወቁኝም እርስዎ ነዎት።»

አንገታቸውን ደፉ። አሳዘኑኝ ብል እዋሻለሁ፤ ደስ አለኝ። መርፌውን በደንብ አስረድቼ ሰጠኋቸው፣ ስለ መከፋታቸውም ለሐኪሙ እንዲነግሩ መከርኋቸው። ሥራዬ ነው።

ዛሬ እናቶች ልጆቻቸውን ይዘው «የሚያቀጥን ነገር ስጪን» ሲሉኝ፣ እናቲቱን ውጭ አስቀምጬ መጀመሪያ ልጅቱን አዋራታለሁ። በእኔ ጊዜ እንዲህ ያለ ሰው አልነበረም። አክስቴ አሁንም በየወሩ ይመጣሉ። ሲወጡ በሩ ላይ ቆም ብለው ይቅር እንድላቸው ይጠብቃሉ። እኔም ተረኛውን እጠራለሁ።