መሣሪያው ይማል

ደብረ ማርቆስ ውስጥ ዘሪቱ ልጇን በጀርባዋ አዝላ የድሮ ሬዲዮ ስትጠግን ያየ ሰው መጀመሪያ መጀመሪያ ይስቅ ነበር። ሥራውን ከሟች አባቷ ነው የወረሰችው። ኋላ ሳቁ ቀረ፤ እሷ የነካችው ሬዲዮ ይናገራላ። በ1988 ዓ.ም. ግን ያ ሁሉ መልካም ስም በአንድ ቅዳሜ ገበያ ሊቀበር ምንም አልቀረው።

ነገሩ እንዲህ ነው። አቶ አካለ ወልድ የሚባሉ የአማኑኤል ከተማ ባለሱቅ ሬዲዮናቸው ድምፁ ቢታፈንባቸው ለዘሪቱ አመጡላት። የድሮ ሬዲዮ ሆዱ ውስጥ አውራ ጣት የሚያህሉ የብርጭቆ አምፖሎች አሉት፤ እነሱ ሲሞቁ ነው የሚናገር። ሁለቱ ደክመው ስለነበር ለወጠችላቸውና አስጩሃ ሰጠቻቸው። ሰውየው ግን ተጠራጣሪ ናቸው። ከእሷ ወጥተው በቀጥታ ገዳሙ የሚባል የከተማው ነጋዴ ሱቅ ገቡ። ገዳሙ አምፖል የሚፈትሽ አሮጌ መሣሪያ አለው፤ መርፌዋ አረንጓዴው ላይ ከደረሰች አምፖሉ ደህና ነው፣ ቀዩ ላይ ከቀረች ሞቷል። አዲሶቹን አምፖሎች ሲሰካቸው መርፌዋ ከቀዩ አልነቃነቅ አለች።

«እነዚህማ ተሰናብተዋል» አለ ገዳሙ። «ዛሬ ቢጮሁ ነገ ዝም ነው።»

አቶ አካለ ወልድ እህል ተራ መሐል ቆመው፣ ዘሪቱ ደህናውን አስቀርታ ሙቱን እንደከተተችላቸው ተናገሩ። ወሬው እሷ ደጃፍ ሲደርስ «ሌባ» ሆኖ ነበር።

ነገር የሚያበርዱት ሽማግሌ አለቃ ኃይለ ሚካኤል ተጠርተው መጡ፤ አቶ አካለ ወልድም አብረው።

«ልጄ፣ ቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ማይና ይለቅ» አሏት አለቃ።

መማል ለአፍ ቀላል ነው። የማለች ሴት ግን ዕድሜ ልኳን «ያቺ የማለችው» እንደተባለች ትኖራለች።

«አልምልም» አለች።

«ንጹሕ ነኝ እያልሽ?»

«ንጹሕ ስለሆንሁ ነዋ። የከሰሰኝ መሣሪያ ነው፤ መጀመሪያ መሣሪያው ይማል።»

አቶ አካለ ወልድ ሳቁ። «ብረት ሲምል የት አይተሻል?»

«ብረት ሰውን ሌባ ሲልስ እርስዎ የት አይተዋል?» አለቻቸውና ወደ አለቃ ዞረች። «የእርስዎ ሬዲዮ ዛሬ ይናገራል?»

«ዜና ሰምቼ ነው የወጣሁ።»

«እንግዲያው ከሱ አንድ አምፖል ነቅለን ገዳሙ ጋ እንውሰድ። ያንንም ሞቷል ካለ ዋሾው ማን እንደሆነ ይለያል።»

አለቃ አምፖሉን በነጠላቸው ጫፍ ጠቅልለው ራሳቸው ያዙት። የገዳሙ ሱቅ ከወፍጮ ቤት ጋር ግድግዳና የመብራት መስመር ይጋራል፤ ገበያ ቀን ስለሆነ ወፍጮው ያጓራል። አምፖሉ ተሰካ። መርፌዋ ቀዩ ላይ ቀረች።

«ያለቃም ሞተ?» አሉ አቶ አካለ ወልድ።

«እኔ ምን አውቃለሁ» አሉ አለቃ፤ «ጠዋት ዜና የነገረኝ ሙት ከሆነ ግን ያስፈራል።»

ዘሪቱ መሣሪያውን ጎንበስ ብላ አየችው። አባቷ እንዲህ ባለው ሲሠራ ታውቃለች፤ ከእያንዳንዱ ፍተሻ በፊት ማዞሪያውን አዙሮ መርፌዋን ከመነሻ ምልክቱ ላይ ያቆማታል፤ የመብራቱ ጉልበት ከሰዓት ሰዓት ይለያያላ። የገዳሙ መሣሪያ ማዞሪያ ግን በሙጫ ተጣብቋል።

«ለምን አጣበቅኸው?»

«ሰው እየነካካ አስቸገረኝ። አንዴ አስተካክዬዋለሁ።»

«መቼ?»

«እ... ሰኞ ነው መሰል።»

ሰኞ ገበያ ስለሌለ ወፍጮው ዝም ይላል፤ መብራቱን የሚሻማው የለም። ዘሪቱ ወጥታ የወፍጮ ቤቱን ባለቤት ወይዘሮ የብርጓልን ለመነቻቸው። እህል ይዘው የተሰለፉት ሴቶች እያጉረመረሙ ወፍጮው ቆመ። ወዲያው የሱቁ መብራት ቦግ አለ፤ መርፌዋም ተነስታ አረንጓዴው ላይ ተቀመጠች። የአቶ አካለ ወልድ ሁለት አምፖሎችም ተራ በተራ አረንጓዴ ሆኑ።

አሁን ነው ዘሪቱ የባሰባት።

«ቅዳሜ እዚህ የሚመጣ ማን ነው? የሮብ ገበያ ከተማ ሰው፣ የአማኑኤል ሰው። የከተማው ሰው በሰኞ መጥቶ አምፖሉ ሲድንለት፣ ገበያ የመጣው ሰው ደህና አምፖሉን እየጣለ ሄደ። ስንቱን አስጣልኸው ገዳሙ?»

«እኔ ምን ላድርግ፣ የደከመው መብራቱ ነው።»

«መብራቱ ቢደክም ዓይንህም አብሮ ደከመ?»

«በሉ ይቅር ተባባሉ» አሉ አለቃ።

አቶ አካለ ወልድ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ይቅር በይኝ ልጄ» አሉ።

«እዚህ አይደለም። ያሙኝ እህል ተራ ነው፤ እዚያው ይበሉት።»

ሄዱ። ሰውየው ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ «ዘሪቱ የሰጠችኝ ደህና አምፖል ነው፤ የተሳሳትሁ እኔ ነኝ» አሉ።

«አልተሰማም አባባ፣ ጮክ ይበሉ» አለች አንዲት ጤፍ ሻጭ።

ጮክ ብለው ደገሙት። ዘሪቱ ራሷን ነቀነቀችላቸው እንጂ አልሳቀችም። ካቻቢቴዋን ይዛ ወደ ገዳሙ ሱቅ ተመለሰች፤ ወፍጮው ዳግም ያጓራል። ገዳሙ ቆሞ እያየ ሙጫውን ፈቅፍቃ አነሳችና መሣሪያውን ወደ እሱ ገፋችለት።

«በል አዙር፤ መነሻዋ ላይ አቁማት። ወረፋ የያዘ ሰው አለብህ።»