ቀይ ለማን ይጻፋል?

ዛሬ ጠዋት ርእሰ መምህራችን ለእኛ ለአስተማሪዎቹ አረንጓዴ ማረሚያ እስክሪብቶ አደሉን። ቀይ ተማሪ ያስጨንቃል ተብሏል። የኔን ቀይ ክዳኑን ነቅዬ አሸተትኩት። እውነታቸውን ነው፤ እኔንም ልጅ ሳለሁ አስጨንቆኛል።

ሞጣ አክስቴ ዘንድ ተቀምጬ ስማር ከሃምሳ በታች የሆነ ውጤት ካርድ ላይ የሚሞላው በቀይ ነበር። አባቴ ቢቸና ብራና የሚጽፉ ቁም ጸሐፊ ነበሩ። ሲልኩኝ፣ "በአንዱ እንኳ ብትወድቂ ተመልሰሽ እዚሁ ትቀመጫለሽ፤ ቀልድ የለም" ብለውኛል። እኔ ደግሞ ሒሳብ ወደቅሁ።

ወደ ቤት ስመለስ አውቶቡሱ ግንደወይን ሲቆም ሰው ሁሉ ወርዶ ቆሎ ይገዛል፤ እኔ ካርዱን እያወጣሁ አያለሁ፣ ደጋግሜ ሳየው ቀለሙ የሚለወጥ ይመስል። ቢቸና እስክንደርስ ነፍሴ አፍንጫዬ ላይ ነበረች።

አባቴ ቀለም የነካ እጃቸውን ጠርገው ካርዱን ወደ መስኮቱ አስጠጉት። የፈረንጅ ቁጥር አያነቡም። ፊታቸው ፈካ።

"ነይ እስቲ እይ፤ ለልጅሽ በቀይ ጽፈውላታል" ብለው እናቴን ተጣሩ።

እሳቸው ብራና ላይ በቀይ የሚጻፈው የእግዚአብሔር፣ የእመቤታችንና የቅዱሳን ስም ነዋ።

እናቴ ገበያ ስለምትውል ቁጥር አይጠፋትም። ካርዱን አየች፣ እኔን አየች፣ መልሳ ለአባቴ ሰጠቻቸው። እኔም ዝም ብል ሞጣ መመለሴ ነው። ግን አባቴ ሊሳለሙት ወደ ግንባራቸው ሲያስጠጉት አላስቻለኝም።

"አባ፣ ቀይ እኮ የወደቀ ነው" አልኳቸው።

ካርዱን ጭናቸው ላይ አሳረፉት።

"የወደቀውን በቀይ ከጻፉ፣ ያለፈውን በምን ሊጽፉት ነው?"

"በሰማያዊ።"

ራሳቸውን ነቀነቁ። "በይ ሰኞ ተመለሽ። ቀይ ለማን እንደሚጻፍ በማያውቅ ሰው እጅማ ወድቀሽ አትቀሪም።"

በዓመቱ ከላይ እስከ ታች ሰማያዊ የሆነ ካርድ ይዤ እየሮጥኩ ገባሁ። ያኔ ዐይናቸው ፈዝዞ መጻፍ ትተው ነበር። ካርዱን በጣታቸው እየዳበሱ፣ "ቀይ አለበት?" አሉኝ።

"ምንም የለበትም፣ አባ።"

"ተመስገን" አሉ። ግን ትንሽ ያዘኑ መሰለኝ።