ድንጋይ የሚያሟሟው ውሃ

የያዙን ከዘንገና ሐይቅ ድንጋይ ሰብስበን ስንመለስ፣ ዳንግላ መግቢያ ኬላ ላይ ነው። በወንድሜ ቦርሳ ውስጥ በላስቲክ የተቋጠረ የተፈጨ ድንጋይና ኮስቲክ ሶዳ አገኙ።

ያስገቡን ክፍል ድሮ የእህል መጋዘን ነበረች። መስኮት የላትም። ጠዋት አንድ ጆግ ውሃ ይሰጡናል፤ እስከ ማግስቱ ሌላ የለም።

ወንድሜ ዩኒቨርሲቲ ጂኦሎጂ ይማር ነበር። የመመረቂያ ጽሑፉ የትኛው ማዕድን በኮስቲክ ሶዳ ውሃ ቶሎ እንደሚሟሟ የሚያጠና ነው። መርማሪው ግን ፈንጂ ነው አለ።

«ወንድምዓለም፣ ለሳሙና ነው በልና እንውጣ» አልኩት። ሳሙና የሚሠሩ ሁሉ ሶዳውን ከገበያ ይገዙታል።

«ድንጋዩንስ ለምን ልበል?» አለኝ።

በማግስቱ ወንድሜ መርማሪውን «ድንጋዩ ሲሟሟ ላሳይዎት» አለው።

«እሺ ፕሮፌሰር! ካሟሟኸው ትለቀቃለህ። ግድግዳችንን ብቻ እንዳትነካ!» ዘበኞቹ ሳቁ።

ግቢው ውስጥ አቆሙን። ወንድሜ የላስቲክ ዕቃ ጠየቀ። «ቶሎ አይታይም» አለ። «እንደ ጠርሙስ የሚያብረቀርቀው ጥቁሩ ድንጋይ ይቀድማል። ነጩ ወራት ይፈልጋል። ውሃው ሲሞቅ ግን...»

አንዱ ዘበኛ አላስጨረሰውም። ሶዳውን ከሙቅ ውሃ ጋር በራሱ የአሉሚኒየም ኩባያ በጠበጠው።

«በሱ አይሆንም!» ብሎ ጮኸ ወንድሜ።

ኩባያው ተንጨረጨረ፤ ጨሰ፤ ገነፈለ። መርማሪው ወደ ኋላ ሲሸሽ በርጩማ ጠልፎ ጣለው።

«ይኸው! ፈንጂ አላልኩም?»

ድንጋዮቹ ገና ከላስቲካቸው አልወጡም። ሶዳው የበላው ኩባያውን ነው። ማን ይስማ።

ዘበኛው ሶዳው የፈሰሰበትን እጁን ይዞ ያቃስታል። ወንድሜ በራችን ላይ የነበረውን ጆግ አነሳ። «አትሸው፤ ዘርጋው» እያለ የቀን ውሃችንን በሙሉ ቀስ አድርጎ አፈሰሰለት። ሌሎቹ ዘበኞች ካቴና ይዘው ወንድሜን ይጎትቱታል። «ቆዩ፣ ገና ነው» ይላቸዋል።

ከዚያው ወሰዱት። እኔን ለቀቁኝ። ከወራት በኋላ ታሞ ሞተ ብለው አስከሬኑን ሰጡን። ለሳሙና ነው ቢል ኖሮ እላለሁ። ዛሬም እላለሁ።

በቅርቡ ዳንግላ ውስጥ ጋሪ ስሳፈር ያ ዘበኛ አጠገቤ ተቀምጧል። መውረድ ፈልጌ ነበር፤ አወቀኝ።

«እጅህስ?» አልኩት።

እጅጌውን ሰብስቦ አሳየኝ። ጠባሳ የለውም።

«የት ነው የተቀበረው?» አለኝ።

ነገርኩት። ጋሪው እስኪቆም እጁን አልሸፈነም።