ቀዩ መደብ

እልኸኛ ነኝ። እናቴም "አንቺ ከያዝሽ አትለቂም" ትለኛለች። ያን ሰሞን የያዝኩት የጎረቤቴን መደብ መቀባት ነበር።

ጎረቤቴ ጀጎል ውስጥ ከቤታችን ፊት ለፊት የሚኖሩ ሐረሪ አሮጊት ናቸው። የልጅ ልጃቸው ሰርግ ደርሶ ቤቱ መታደስ ነበረበት፤ ጉልበታቸው ግን እምቢ አላቸው። እኔ የሥዕል መምህርት አይደለሁ? ምን ችግር አለው ብዬ አንድ ቆርቆሮ ቀይ ቀለም ገዝቼ ገባሁ።

ቆርቆሮውን ሲያዩ ፊታቸው ጠቆረ። የሐረሪ ቤት ውስጡ ደረጃ ደረጃ ያለው መደብ ነው፤ ቀይ የሚቀባውም ድሮ ከመሀል አገር ከመጣው ጦር ጋር ሲዋጉ ጨለንቆ ላይ ለፈሰሰው ደም መታሰቢያ ነው ይላሉ። እሳቸው ደግሞ ያለ ቀይ አፈር አይሆንም ባይ ናቸው።

"ግድግዳውን እንደፈለግሽ አድርጊው። ይህን ግን አንቺ አትነኪውም" አሉኝ።

"ለምን እናቴ?"

"ቅድመ አያትሽ ከማን ጋር መጣ?"

ተናደድኩ። እኛ ቤት ቅድመ አያቴ "አገር ሲያቀና መጣ" ተብሎ በኩራት ነው የሚወራለት፤ ያንኑ ደገምኩላቸው።

"አገሩ መች ጠሞ ነበር?" አሉ፣ ረጋ ብለው።

ቤቴ ገብቼ አለቀስኩ። እዚሁ ተወልጄ፣ እዚሁ አድጌ እንደ ባዳ መታየት ያንገበግባል! ግን እውነታቸውን ነበር።

በነጋታው ቆርቆሮውን ለሱቁ መለስኩ። ከከተማው ውጭ ወዳለችው ሶፊ ወርጄ ከአንድ ገበሬ ማሳ ቀይ አፈር ለምኜ በማዳበሪያ ከረጢት አመጣሁ፤ በራቸው ላይ ተቀምጬም በወንፊት እነፋ ጀመር። ሳያናግሩኝ ይወጣሉ፣ ይገባሉ።

"ይሄ ሁሉ አፈር ለምንሽ ነው?" አሉ በመጨረሻ።

"ለእርስዎ መደብ ነው። እኔ ባልቀባውም የሚቀባው ሰው የተነፋ ያገኛል።"

ቆንጠር አድርገው በጣታቸው አሹት። "ገና ሻካራ ነው፤ ድገሚው" ብለውኝ ገቡ። ደገምኩት።

ሰርጉ ሲቃረብ ጠሩኝ። አፈሩ በሳፋ ተበጥብጦ ጠበቀኝ።

"እጅሽን ንከሪ።"

"አትነኪውም ብለውኝ አልነበር?"

"ብዬ ነበር። ሳስበው ግን የሞተብን እኛ፣ የምናስታውስ እኛ፣ የምንቀባም እኛ! እናንተ መቼ ልታስታውሱ ነው? ንከሪ!"

እስከ አንጓዬ ነከርኩ። እየቀባሁ እንባዬ መጣ።

"እናቴ፣ ስለ ቅድመ አያቴ ይቅር ይበሉኝ" አልኳቸው።

እጄ ያለፈበትን መደብ ጎንበስ ብለው አዩ።

"ቅቢ፣ ልጄ" አሉ። "ጥጉን ዘለልሽው።"