ከዚህ አንድ፣ ከዚያ አንድ

ስልክ አንሺያችን ድምፅ ሰምታ ዘር ትለያለች። ገና "ጤና ይስጥልኝ" ሲባል የደዋዩን ወገን አውቃ በግራው ወይም በቀኙ ዓምድ ትጽፈዋለች። አሥራ አንድ ዓመት የሬዲዮ ክርክር ስልክ ያነሳ ሰው ሌላ ምን ይማራል? ደንባችን ከዚህ አንድ፣ ከዚያ አንድ ነው። "ከሁለቱም ነኝ" የሚል ሲመጣ ዓምድ ስለሌለው ሰልችቶት እስኪዘጋ ይጠብቃል። ይህን ሚዛናዊነት እንለዋለን። እኔም ድምፅ ተቆጣጣሪው አፌን ይዤ ተቀምጫለሁ።

የስልክ አንሺዋ ነገር ደግሞ የባሰ ነው። ሟቹ ባሏ ከወዲያኛው ወገን ነበር። ሲጋቡ ማንም ጉዳዬ አላለውም። እሱ ከሞተ በኋላ፣ ነገር በከረረበት ሰሞን፣ እህቱ መጥታ አንድ ልጃቸውን "ወደ ወገንሽ ነይ" አለቻት። የአሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ልጅ ማንም ሳይጎትታት ሻንጣዋን ይዛ ሄደች። ይኸው ስምንት ወሯ፣ የእናቷን ስልክ አታነሳም። የአገሩን ሁሉ ስልክ የምታነሳ ሴት የልጇን ድምፅ ተርባ ኖረች። ያንገበግባል።

ባለፈው ማክሰኞ ከሰዓት አንድ መስመር አነሳችና እስክሪብቶዋ አየር ላይ ቀረ። እኔ በማዳመጫዬ እሰማለሁ።

"ልጄ፣ የኔ እናት፣ አንቺ ነሽ? ምሳ በልተሻል?"

"የደወልኩት ለክርክሩ ነው። ተራ አለ?"

"ያ ሳልሽስ ለቀቀሽ?"

"በአባቴ ወገን ጻፊኝ።"

ተራው የወዲያኛው ወገን ነበር። ብትዘጋው ማንም አያውቅባትም። ዞር ብላ አየችኝ፤ እኔ ፈሪው ዓይኔን ሰበርኩ።

"ከዘጋሁባት ሁለተኛ አትደውልም" አለችና ወደ ክርክሩ አስገባቻት።

ልጅቱ ያለችው ሁላችሁም በየቀኑ የምትሰሙትን ነው፤ እነዚያ አይታመኑም፣ አብረውን በልተው ከዱን። አንደበቷ ርቱዕ ነው፣ ቁርጥ እናቷን። ክርክሩን የሚመራው አዘጋጅ ልጅቱን አያውቃትም። ከመስታወቱ ወዲያ ሆኖ ለስለስ ባለ ድምፅ "ወላጆችሽስ ምን ይላሉ፣ እህቴ?" አላት።

"አባቴ ሞቷል።"

"እናትሽስ?"

"እናት የለኝም።"

"ውይ! ነፍሳቸውን ይማር" አለ አዘጋጁ ከልቡ አዝኖ። ከዚያም ቀጣዩን ደዋይ እንድትሰጠው ለስልክ አንሺዋ በእጁ ምልክት አሳያት።

ሰጠችው።