ወረፋ በትምህርት ቤቱ በር

በእኛ ሰፈር የውሃ ቦኖ ላይ ባዶ ጄሪካን ሰው ነው። ይህን ሕግ ማን እንዳወጣው የሚያውቅ የለም፤ ሲፈርስም አይቼ አላውቅም። አንዲት ሴት ጄሪካኗን ከወረፋው ጫፍ አስቀምጣ ወደ ቤቷ ብትመለስ፣ ልጅ ብታጠባ ወይም ከብት ብታሰማራ ተራዋ የእሷው ነው። ከኋላዋ ያለችው ሴት እያስጠጋች ትጠብቅላታለች። ለቅሶ የተቀመጠችማ ጎረቤት ይቀዳላታል እንጂ ጄሪካኗ ከመስመር አትወጣም። የሰው ጄሪካን ከቦታው ያነሳ ሰው ስሙ እስከ ውጫሌ ገበያ ይደርሳል። "ወረፋ አፍራሽ" የተባለ አባወራ ለልጁ ሚስት ሊጠይቅ ሲሄድ እንኳን ያነሱበታል።

የእኔ ጄሪካን ቢጫ ነበረች፤ እጀታዋ ላይ ቀይ ክር አስሬባታለሁ። የጓደኛዬ ሰማያዊ ሆና ጎኗ ላይ በቀለጠ ፌስታል የተደፈነች ነበረች። የደፈኗት አባቷ ናቸው፤ ሥራቸውንም ይኮሩበት ነበር። እኔ አይናፋር ነኝ፤ ያኔማ ይብስብኝ ነበር። ክፍል ውስጥ መልሱን እያወቅሁ እጄን አላወጣም። ቦኖ ላይ ግን ደስ ይለኝ ነበር። ጄሪካኔ ስለቆመችልኝ አንድ ቃል ሳልናገር ሁሉም ሰው እንዳለሁ ያውቃል።

ቤታችን ከሐይቅ ወደ ውጫሌ ከሚወስደው አስፋልት በላይ ተዳፋቱ ላይ ነው። ከግቢያችን ሐይቁ ይታያል። የሚመጣ እንግዳ ሁሉ "ይህን የሚያህል ውሃ እያያችሁ ትጠማላችሁ?" ይለናል። ሐይቁ ታች ነው፤ እኛ ላይ ነን። የምንጠጣው ከተራራው ሥር ከሚፈልቅ ምንጭ በቧንቧ የሚመጣውን ነው። ልጅ ሳለሁ ቦኖው ቀኑን ሙሉ ይፈስ ነበር። በልጉ እየቀረ ሲሄድ ምንጩ ቀጠነ፤ ውሃው በፈረቃ ሆነ፤ የሚለቀቀውም ጎህ ሲቀድ ብቻ ሆነ። የትምህርት ቤታችን በር ደግሞ የባንዲራ መዝሙር ሲጀመር ይዘጋል። ውሃ የሚቀዱት ሴቶች ልጆች ናቸው። ስለዚህ በፈረቃችን ቀን ከበሩ ውጭ የሚቀሩት ሴቶች ልጆች ነበሩ።

ደጋግሞ ያረፈደ ወላጅ ያመጣል። ጓደኛዬ አንድ ጊዜ አባቷን አምጥታለች። እሳቸውም በሩ ላይ ቆመው፣ እኔ እየሰማሁ፣ "ሁለተኛ ከተጠራሁ ወላሂ ትምህርቱ ይበቃታል! አክስቷ ዘንድ ዐረብ አገር ትሄዳለች" አሉ። ክፉ ሰው ሆነው አይደለም። ከእኛ አካባቢ የሄዱት ልጆች ብዙ ናቸው፤ ቤት የሠሩም አሉ፤ ድምፃቸው የጠፋም አሉ። ጓደኛዬ ግን መሄድ አልፈለገችም። የምትፈልገው አስተማሪ መሆን ነበር።

ዐሥረኛ ክፍል ሳለን የጂኦግራፊ መምህራችን የአካባቢ ጥበቃ ክበብ አቋቋሙ። ሰማይን በጭስ የሞሉት በሩቅ ያሉ ሀብታም አገሮች መሆናቸውን፣ ዝናቡ የቀረው ግን እንደኛ ባሉ ቦታዎች መሆኑን አስረዱን። ከኋላ የተቀመጠ አንድ ልጅ "ቲቸር፣ እኛ ቤት የሚወጣው ጭስ እኮ የሽሮ ነው" አለ። ሳቅን። መምህራችን ግን አልሳቁም። "እሱን ነው የምላችሁ። ባላጠፋችሁት እየተቀጣችሁ ነው" አሉ። ቃሉ ውስጤ ገባ፤ ንዴትም አብሮት ገባ።

ክበባችን መጀመሪያ ያደረገው ነገር አሁንም ያስቀኛል። ለሀብታም አገሮች ትልቅ መልእክት ጻፍን፤ እነሱ እንዲያነቡት በእንግሊዝኛ። ከዚያ በትምህርት ቤቱ የጀርባ ግድግዳ ላይ ሰቀልነው። ግድግዳው የሚያየው የማሽላ ማሳ ነው። አንድ ቀን ፍየል ግማሹን በላችው።

ሁለተኛው ሥራችን ድራማ ነበር፤ በምንጩ መድረቅ ምክንያት ከትምህርት ስለምትቀር ልጅ። የጻፈችውም ልጅቷን ሆና የምትጫወተውም ጓደኛዬ ናት። እኔ ከመጋረጃ ጀርባ ሆኜ ቃል የጠፋበትን ላስታውስ ነበር። ከወረዳ እንግዶች ተጠሩ፤ ወንበር ተደረደረ። ያ ቀን የእኛ ሰፈር ፈረቃ ነበር። እኔ ተራዬ ቀድሞ ስለደረሰ በሩ ሳይዘጋ ገባሁ። ጓደኛዬ ውሃ ቀድታ፣ ቤት አድርሳ፣ እየሮጠች ስትመጣ በሩ ተዘግቷል።

"ማን ይጫወትላት?" ተባለ። ታላቅ ወንድሟ በአንድ ዓመት ነው የሚበልጣት፤ ከእኛ ጋር አንድ ክፍል ነበር። በጊዜ የደረሰው ውሃ የሚቀዳው እሱ ስላልሆነ ነው። ሻሽ አሰሩለት፣ ጄሪካን አሳዘሉት፣ ወጣ። ወገቡን ይዞ እያቃሰተ ሲንገዳገድ ሰው በሳቅ ፈረሰ። በመጨረሻ አለቀሰ፤ እንግዶቹም አብረውት ዓይናቸውን ጠረጉ። ርዕሰ መምህሩ ተነስተው "ልጆቻችን ባላጠፉት ሊቀጡ አይገባም!" ብለው አጨበጨቡ። እኔ ከመጋረጃው ጀርባ በአጥሩ ቀዳዳ በኩል ውጭውን አየሁ። ጓደኛዬ የገዛ ቃሏን ከወንድሟ አፍ እየሰማች በሩ ላይ ቆማለች።

ከዚያ በኋላ ዘበኛው የተላኩበትን ነገሯት፤ ሰኞ አባትሽን ይዘሽ ነይ።

በሚቀጥለው ፈረቃችን፣ ቅዳሜ ማለዳ፣ ቦኖው ላይ ወረፋ ያዝኩ። ወረፋው ቀስ እያለ ይሄዳል። አንዲት አሮጊት ሰማያዊዋን ጄሪካን በዱላቸው ነካ አድርገው "ይቺ የማን ናት?" አሉ።

"የእሷ ናት፤ እንጨት ልታመጣ ሄዳ ነው" አልኳቸው።

"እንግዲያ አለች" አሉና የራሳቸውን ከኋላዋ አስጠጉ።

ከአፌ እንዴት እንደወጣ አላውቅም፤ "ቦኖ ላይማ አለች፤ ትምህርት ቤት ነው የሌለችው" አልኩ።

ሴቶቹ ሳቁ። ከዚያ ሳቁ ቀዘቀዘ። አንዷ "ያ ረቢ፣ እውነቷን እኮ ነው" አለች። እኔ ግን ሐሳቤ ወደ ትምህርት ቤቱ በር ሄዶ ነበር።

ሰኞ የእኛ ሰፈር ፈረቃ ነው፤ የታችኛው ሰፈር ልጆች ግን ፈረቃቸው ማክሰኞ ስለሆነ ሰኞ በጊዜ ይገባሉ። ትርፍ ጄሪካን የሌለው ቤት ደግሞ የለም። እሑድ ከሰዓት የክበባችንን ሴቶች ልጆች በየቤቱ እየዞርን አነጋገርን። መናገሩ የጓደኛዬ ነበር፤ እኔ ከጎኗ ቆሜ ራሴን እነቀንቅ ነበር። ሰኞ ዕለት የእኔን ውሃ እናቴ ልትቀዳልኝ ተስማማች።

"ብቻ ርዕሰ መምህሩን እንዳትዘልፊ" አለችኝ።

"እኔ? መቼ አፌን ከፍቼ አውቃለሁ?"

"እሱን ነው የፈራሁት። ዝም ብሎ የኖረ ሰው የተናገረ ዕለት ማን ያቆመዋል?"

ሰኞ ማለዳ እኔና የታችኛው ሰፈር ልጆች ውሃ ሊቀዱ የቀሩትን ልጆች ባዶ ጄሪካኖች ተሸክመን ወደ ትምህርት ቤቱ ሄድን። ሰማያዊዋን ከበሩ ደፍ ላይ፣ ሁለቱ መዝጊያዎች በሚጋጠሙበት ቦታ አስቀመጥናት። ከእሷ ኋላ ሌላውን፣ ከዚያ ሌላውን አስከተልን። መስመሩ አስፋልቱ ጋ ደረሰ። የባጃጅ ሾፌሮች ቆመው ያዩ ጀመር። አንደኛው "እዚህም ቦኖ ገባላችሁ?" ብሎ ጮኸ።

ዘበኛው ብቅ አሉ። "ይሄ ምንድን ነው ልጆች?"

"ወረፋ ነው አባባ።"

"የምን ወረፋ?"

"የትምህርት።"

ጢማቸውን ዳሰሱ። ጄሪካኖቹን አንድ በአንድ አዩ፤ ከመካከላቸው የራሳቸውን ልጅ ጄሪካን አወቋት። ዞር ብለው ቆሙ። የባንዲራ መዝሙር ተጀመረ፤ አለቀም። በሩ አልተዘጋም።

ርዕሰ መምህሩ ከሰልፉ መሐል መጡ። የደሴ ሰው ናቸው፤ ያደጉት ቧንቧ ከቤት በገባበት ግቢ ነው። "ለምን አልዘጋህም?" አሏቸው።

"ወረፋ አለበት ጌታው።"

"አንሳዋ ታዲያ!"

"በሩን ዝጋ ካሉኝ እዘጋለሁ። የሰው ወረፋ ግን አላነሳም። ኋላ ሚስቴ ቦኖ ላይ ምን ትባላለች?"

ርዕሰ መምህሩ ጎንበስ ብለው የሰማያዊዋን እጀታ ያዙ። እኔ ከአጠገባቸው ነበርኩ።

"አይንኳት" አልኩ።

ቀና አሉ። "ምን አልሽ?"

"ጓደኛዬ ናት። ውሃ ወረፋ ላይ ስለሆነች ነው እንጂ አለች።"

ከሰልፉ አንድ ሰው ሳቀ። ርዕሰ መምህሩ በንዴት ወደ ሁለተኛዋ ጠቆሙ። "ይቺስ?"

"አለች!" አሉ ሁለት ልጆች።

"ይቺስ?"

"አለች!" አለ ግማሹ ሰልፍ። ከዚያ በኋላ ሳይጠቁሙም "አለች! አለች!" የሚለው ጩኸት አላቆመም።

"ይሄ ትምህርት ቤት ነው ወይስ ቦኖ?" አሉኝ፤ ለእኔ ብቻ።

ዝም ልል እችል ነበር። ዝምታ እንደ ነጠላዬ የለመድኩት ነው። "በድራማው ቀን ልጆቻችን ባላጠፉት ሊቀጡ አይገባም ብለው አጨብጭበዋል" አልኩ። "ዝናቡን ያስቀረነው እኛ አይደለንም። ሩቅ ያሉትን መቅጣት አልቻልንም። እርስዎ ግን በሩን አለመዝጋት ይችላሉ።"

የሚመልሱልኝን ሳልሰማ ሕዝቡ ተከፈለ። የጓደኛዬ አባት ዱላቸውን ይዘው መጡ፤ እሷም ከቦኖው በቀጥታ፣ የሞላ ጄሪካን እንዳዘለች ከኋላቸው ነበረች። ፊቷ አመድ መስሏል።

"ጥሩ ሰዓት መጡ" አሉ ርዕሰ መምህሩ። "ልጅዎ ..."

አባትየው አልሰሟቸውም። የሚያዩት የሰማያዊዋን እጀታ ያልለቀቀውን የርዕሰ መምህሩን እጅ ነው። "ጌታዬ፣ የያዟት ጄሪካን የእኔ ናት።"

"አዎ፣ እያነሳኋት ነው።"

"ከወረፋ?"

ርዕሰ መምህሩ ወደ ዘበኛው ዞር አሉ።

"ልጄን ከትምህርት ባስወጣት አባቷ ነኝ፤ የሚጠይቀኝ አላህ ነው" አሉ አባትየው ዱላቸውን መሬት ላይ ተክለው። "ጄሪካኔን ግን ከወረፋ የሚያስወጣት ሰው አልተወለደም!"

አስፋልቱ ዳር የነበረው ሁሉ በሳቅ አውካካ። እሳቸውም ምን እንዳሉ የገባቸው ያኔ ይመስለኛል፤ ፊታቸውን አዞሩ። ጓደኛዬ ገመዱን ፈታ የሞላውን ጄሪካን አወረደች። ሄዳ ከሰማያዊዋ ጎን ቆመች።

"አባዬ፣ እኔም ከጄሪካኔ ጋ ነኝ። ተራዬ ነው።" ከዚያ ወንድሟን ከሰልፉ ውስጥ በጣቷ ጠቆመች። "በሚቀጥለው ፈረቃ ደግሞ ያ ይቅዳ። ሻሽ አስሮ ሲቀዳ ሁላችሁም አይታችሁታል፤ ያውቅበታል!"

ወንድሟ የሚገባበት ጠፋው። አባትየው በዱላቸው ጠቆሙት። "ቅዳ" አሉት። የሞላውን ጄሪካን ራሳቸው ተሸክመው ሽቅብ ተመለሱ። ስለ ዐረብ አገር በዚያ ቀን አላነሱም።

ርዕሰ መምህሩ እጀታውን ለቀቁ። "ለዛሬ ግቡ። ለዛሬ ብቻ!" አሉ። በሚቀጥለው ፈረቃችን ጄሪካኖቹ ተመልሰው ተሰለፉ። "ለዛሬ ብቻ" አሉ። በሚቀጥለውም እንዲሁ። በመጨረሻ ማለቱ ሰለቻቸው መሰለኝ፤ ውሃ ቀድተው የሚመጡ ልጆች የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ እስኪያልቅ እንዲገቡ ተወሰነ። መምህራችን ቢሮ ተጠርተው ተገሠጹ፤ ሲወጡ ፊታቸው ላይ የጸጸት ምልክት አላየሁም። ፍየል የበላችውን መልእክትም በአማርኛ ጽፈን ወደ አስፋልቱ አዙረን ሰቀልነው።

ወንድሟ መጀመሪያ ቦኖ የመጣ ቀን ሴቶቹ አልማሩትም።

"ሻሽህን የት ጣልከው?"

"ቆሽሾብኝ ነው እትዬ፤ እንዳላጥበው ውሃው በፈረቃ ሆነብኝ።"

ከሳቃቸው መሐል አንዷ ጄሪካኑን አስጠጋችለት። ከዚያ በኋላ ሌሎች ወንዶች ልጆችም መጡ። ሁሉም አልመጡም፤ የቀሩትን ዛሬም በፊታቸው አውቃቸዋለሁ።

ጓደኛዬ ዐረብ አገር አልሄደችም። እኔ ዩኒቨርሲቲ ስገባ እሷ የመምህራን ኮሌጅ ገባች፤ አሁን አምባሰል ውስጥ አንደኛ ደረጃ ታስተምራለች። አባቷ ሐሳባቸውን እንደቀየሩ አምነው አያውቁም። ባለፈው ክረምት ስጠይቃቸው "እኔ ያኔ ያዳንኩት ጄሪካኔን ነው" አሉኝ፤ እሷ ከኋላቸው ቆማ ትስቅ ነበር።

ምንጩ እንደቀጠነ ነው። ሩቅ ያሉት ሰዎች ስለ ጭሱ ስብሰባ ይቀመጣሉ፤ በሬዲዮ እሰማለሁ፤ ታገሡ ይሉናል። መታገሥ ከእኛ በላይ የሚያውቅ የለም። ነገር ግን እኛ ዘንድ ተሰልፎ የሚጠብቅ ሰው የሌለ ሰው አይደለም፤ ቦታው የእሱ ነው፤ ከቦታው የሚያነሳውም የለም። እኔ አሁንም ሰው በተሰበሰበበት ድምፄ ይንቀጠቀጣል። እየተንቀጠቀጠም ቢሆን እላለሁ፤ አለን።