የሰባት አባት ቆጠራና የልጅ ልጄ ደም

ልጄን ስድር ሽማግሎቹ ከሁሩታ መጥተው ሰባት አባት ቆጠሩ። እኛም ቆጠርን። ዝምድና አልተገኘም፣ የዘር ደዌም አልተገኘም፤ ተመራረቅንና በጉ ታረደ። የቆጠርነው ታዲያ አባት ብቻ ነው። የሚስቴን ወንድሞች ማን ያነሳቸዋል? ሁለቱም በሕፃንነታቸው ሲገረዙ ደማቸው አልቆም ብሎ ነው የሞቱት። በዚያ ጊዜ የገራዡ እጅ ከፋ ተባለ፣ ቡዳ በላቸው ተባለ፣ ተቀበሩ፣ አለቀ።

ልጄ ወንድ ስትወልድ ሚስቴን እንባ ቀደማት። ሄጄ እዚሁ አዳማ ለሐኪም ነገርኩ። ደም አልረጋ የሚልበት በሽታ በእናት በኩል ይመጣል፣ እናቲቱን ብዙም ሳይነካ ወንድ ልጇን ይይዛል አለ። ናሙናው አዲስ አበባ ሄዶ ውጤቱ እስኪመጣ ሕፃኑ እንዳይገረዝ አዘዘ።

እዚያ ላይ ቢያበቃ ጥሩ ነበር። አብሮኝ የነበረው አማቼ፣ የልጄ ባል፣ ግን በውጭ አገር ዘር ማረም ተጀምሯል የሚባለው እውነት ነው ወይ ብሎ ጠየቀ። ሐኪሙ ፊቱ በራ። በሰው ገላ ውስጥ እንደ ጽሕፈት ያለ ነገር አለ፣ ስህተቷን ቆርጠው ያርማሉ፣ ገና ሙከራ ላይ ነው፣ ተስፋው ግን ትልቅ ነው አለ። እኔ ደም የሚያረጋው መድኃኒት ዛሬ አላችሁ ወይ አልኩት። ለጊዜው የለም አለኝ። የነገው ሞልቷል፣ የዛሬው ነው የጠፋው።

አማቼ «ገና» የምትለዋን ቃል ሐኪም ቤት ረስቷት ተመለሰ። ለእናቱ ደውሎ በሽታው መድኃኒት ተገኘለት አላት። እሷም ከተገኘለትማ ምን ያስፈራል ብላ፣ በስምንተኛው ቀን ገራዡን ከመናኸሪያ በባጃጅ ጭና ከች አለች።

በርጩማዬን አውጥቼ በሩ ላይ ተቀመጥኩ፤ ከዘራዬን እንደ መቀርቀሪያ አጋደምኩት። አማቼ አጠገቤ ቁጢጥ አለ።

«አባባ፣ ዘመኑ ተለውጧል እኮ። ዛሬ ዘር ቆርጠው ይቀጥላሉ።»

«ጎሽ። እንግዲያው የዘሩን ቆራጭ ጥራውና እሱ ይቅደም። ባለ ምላጩ ከኋላ ይገባል።»

እናቱ ሳቅ አመለጣት፤ ወዲያው ግን ኮስተር አለች። አካኮ የምትለኝ የልጁ አያት ስለሆንኩ ነው።

«ሰው ምን ይለናል፣ አካኮ? ልጁን ያልተገረዘ ሸላ ሊሉት ነው?»

«ይበሉት። የሚሰደበው በሕይወት ያለ ሰው ነው።»

ገራዡ ከጠላው ጠጣ፣ ደገመ፣ ምላጩን እንደ ጠቀለለ ሄደ። እሷ ሁለት ቀን አኩርፋኝ ሰነበተች።

ውጤቱ መጣ። ልጁ የእነዚያን የሁለቱን የሚስቴን ወንድሞች ደም ነው የወረሰው። ሐኪሙ ሲነግረን አማቼ ግድግዳ ተደግፎ ቀረ፤ ስልኩንም አላወጣም።

አሁን ልጁ መዳኽ ጀምሯል። የባጃጅ ወንበር ከሚሰፉት ቁራጭ ስፖንጅ ለምኜ ጉልበቱ ላይ አስሬለታለሁ፤ የጠረጴዛውን ጠርዝም አልብሼዋለሁ። ሐኪሙ ባየን ቁጥር ስለ ዘር ማረሙ አዲስ ወሬ አያጣም። ይምጣ፣ እሰየው ነው፤ በመጣ ዕለት እኔው አዝዬው እሄዳለሁ። እስከዚያው እጃችን ላይ ያለው መድኃኒት ስፖንጅ ነው።

ያቺ የአማቼ እናት ከሁሩታ ስትደውል ሰላምታዋ እንኳ ተለውጧል።

«ሸላዬ እንዴት ነው?» ትለኛለች።

ይድኻል እላታለሁ።